«ለጥቂት!» ነጥብ የለውም

የዛሬው ጽሑፍ ብዙ ሰው ያስቀይማል። በተለይ ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ አቃቂ፣ ከገላን እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ቅዳሜና እሁድ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ፊት ወንበር ይዞ የሚተነትነውን ወገኔን። ተቀየሙኝ፤ ግን ሳታነቡ አትለፉ።

ነገሬ አጭር ነው። ስለ ዋልያዎቹም ሆነ ስለ ክለቦቻችን ስናወራ «ፎርም» የምትል ቃል አፋችን ላይ ተለጥፋለች። አጥቂው ጎል ሲስት «ፎርሙ ወርዶ ነው»። ቡድኑ ሲሸነፍ «ኳስ ይዘን ነበር፣ ዕድል ነው ያጣነው»። ፎርም እኮ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ነው። ለዓመታት ወጥቶ የማያውቅ ነገር ፎርም አይባልም፤ ስሙ አለመቻል ነው። የማንችለው ደግሞ ኳስ መያዝ አይደለም። አብዶም አይደለም፣ አጭር ቅብብልም አይደለም። ኳስ መምታት አንችልም። ከ20 ሜትር ወደ ጎል፣ ከመስመር ወደ ሳጥን፣ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው ክንፍ፣ ኳስን በእግር መትቶ ያሰቡበት ቦታ ማድረስ አልተማርንም።

«አጋነንከው» ለሚለኝ ቁጥሩ ይኸው። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የተሳተፍንባቸው አምስት አህጉራዊ ውድድሮች፦

• ጥር 2005፣ የአፍሪካ ዋንጫ፣ ደቡብ አፍሪካ፦ 3 ጨዋታ፣ 1 ጎል
• ጥር 2006፣ ቻን፣ ደቡብ አፍሪካ፦ 3 ጨዋታ፣ 0 ጎል
• ጥር 2008፣ ቻን፣ ሩዋንዳ፦ 3 ጨዋታ፣ 1 ጎል
• ጥር 2014፣ የአፍሪካ ዋንጫ፣ ካሜሩን፦ 3 ጨዋታ፣ 2 ጎል
• ጥር 2015፣ ቻን፣ አልጄሪያ፦ 3 ጨዋታ፣ 1 ጎል

ደምሩት። 15 ጨዋታ፣ 5 ጎል፣ ያሸነፍነው 0። አሰልጣኝ ተቀያይሯል፣ ተጫዋች ተቀያይሯል፣ የፌዴሬሽን አመራር ተቀያይሯል። ቁጥሩ ግን ያው ነው። አንድ ቡድን በአንድ ወር ፎርሙ ሊወርድ ይችላል። ለአሥር ዓመት ፎርሙ የወረደ ቡድን ግን አይቼ አላውቅም።

ልብ በሉ፣ ከአምስቱ ሦስቱ ቻን ናቸው። ቻን ላይ የሚሰለፈው በአገሩ ሊግ የሚጫወት ብቻ ነው። «እነሱ አውሮፓ ነው የሚጫወቱት» የምትለዋ ሰበብ እዚያ አትሠራም።

የ2005ቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ31 ዓመት በኋላ ተመልሰን አገር ምድሩ በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ደምቆ ነበር። የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ላይ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን፤ የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዌኔ ከሳላዲን ሰይድ እግር የወጣውን ኳስ አዳነ። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ በ10 ሰው ስንጫወት አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ ጀግንነት ነበር። በቀጣዩ ጨዋታ ግን ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 0 እየተመራን የእነሱ በረኛ በቀይ ወጣ። 11 ለ 10 ሆንን። ምን ሆነ? የቀሩት 10 ሰዎች ሦስት ጎል ጨመሩብን። ኳሱ እኛ እግር ላይ ነበር፣ ጎሉ ግን የእነሱ ሆነ። በሦስተኛው ጨዋታ ናይጄሪያ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። ቪክተር ሞሰስ ሁለቱንም መታ፣ ሁለቱም ገቡ።

ሳላዲንን ለመውቀስ አይደለም፤ ይሄ ትውልድ ካፈራቸው ትልልቅ አጥቂዎች አንዱ ነው፣ ፔናሊቲ የማይስት ሰው ደግሞ የለም። የምለው በዚያ ሁሉ የኳስ ቁጥጥር መሃል ጎል ላይ በትክክል የሚመታ እግር ማነሱን ነው። እኛ ደግሞ ከዲኤስቲቪ ቤት ስንወጣ ያወራነው ስለ አብዶው ነው።

አሁን ሰበቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቁመት የለንም፣ ጡንቻ የለንም።» ብራዚላዊው ሮቤርቶ ካርሎስ 1 ሜትር ከ68 ነው። በ1989 ዓ.ም. ፈረንሳይ ላይ ከ35 ሜትር አካባቢ የመታት ቅጣት ምት ዛሬም በየስልካችን ትዞራለች። ማራዶና ከሱም ያጥር ነበር። ኳስ የሚመታው ቁመት አይደለም። የምትቆምበት እግር ከኳሱ ጎን በትክክል ሲያርፍ፣ ቁርጭምጭሚት ሲቆለፍ፣ ዳሌ ሲዞር፣ ደረት ወደ ኳሱ ሲያዘነብልና እግር ከመታ በኋላ መንገዱን ሲጨርስ ነው ኳስ የሚመታው። የኛ ተጫዋች ሲመታ እዩት። ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ የቆመበት እግር ከኳሱ ይርቃል፣ ኳሱ ወደ ሰማይ ይወጣል። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ለጥቂት!»

«እኛ ኳስ መሥርተን የምንጫወት ነን፣ መጠለዝ ባህላችን አይደለም።» ማን ጠልዙ አለ? በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በካሳዬ አራጌ ሥር ኳስ መሥርቶ ይጫወት የነበረው ኢትዮጵያ ቡና ያን ያህል የተወደደው ለምንድነው? ቅብብሉ መጨረሻ ላይ አቡበከር ናስር ስለነበረ ነው። ልጁ በአንድ ዓመት 29 ጎል አገባ፤ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስም ሄደ። ቅብብል የሚያምረው ጫፉ ላይ የሚመታ ሲኖር ነው። እኛ ግን ከዚያ ዓመት የያዝነው ስሙን እንጂ ትምህርቱን አይደለም። «አቡኪ ልዩ ነው» ብለን ዘጋነው። ልዩ ከሆነማ ሌላውን ማሠልጠን አያስፈልግም፣ ቀጣዩ ልዩ እስኪወለድ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው!

«ብራዚሎችም በጠባብ ቦታ፣ በፉትሳል ነው ያደጉት።» ይሄኛው ጥሩ ክርክር ነው፤ ግማሹ ግን ተቆርጧል። ብራዚላዊው ልጅ በፉትሳል ይጀምርና ወደ ትልቁ ሜዳ ይሻገራል። የኛ ልጅ የሚሻገርበት የለውም። ፉትሳል ሜዳ 40 በ20 ሜትር ነው፣ ጎሉ 3 በ2። ትልቁ ሜዳ 105 በ68 ነው፣ ጎሉ 7 ሜትር ከ32 በ2 ሜትር ከ44። ዕድሜውን በሙሉ በመጀመሪያው ያደገን ልጅ በ18 ዓመቱ ሁለተኛው ላይ አቁማችሁ «ለምን ክሮስ አትችልም?» ትሉታላችሁ?

እዚህ ላይ ነው የኛ ሰፈር የሚመጣው። የአቃቂ ቃሊቲ ልጅ እንዴት ኳስ እንደሚማር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ድንጋይ አግዳሚ የለውም። ስለዚህ በአየር የሄደ ኳስ ሁሉ ጠብ ያመጣል፤ አንዱ «ገብቷል!» ሌላው «ከላይ ነው!» ጠቡን ለማስቀረት ልጆቹ ራሳቸው ሕግ ያወጣሉ፦ ከጉልበት በላይ ጎል አይቆጠርም። ጠንክሮ የመታ ደግሞ ኳሱን ከመንገድ ማዶ ወይ ከሰው ግቢ ራሱ ሄዶ ያመጣል፤ ኳሱ መኪና ሥር ከገባ ደግሞ ጨዋታው አለቀ። እንግዲህ ልጁ ምን ተማረ? ኳስ መሬት ላይ ማስኬድ፣ አጭር መስጠት፣ ማለፍ። ጠንክሮ መምታት የሚያስቀጣ ጥፋት እንደሆነም አብሮ ተማረ። በጋ ላይ አቧራ ነው። ክረምት ሲገባ ያ የአቃቂ ጥቁር መረሬ ይጨቀያል፤ ኳሱ ይከብዳል፣ የቆምክበት እግር ይሰምጣል። በዚያ ላይ ምት አይለመድም።

ታዲያ ይሄ ልጅ አድጎ ጎል ሲስት «ፎርሙ ወርዷል» እንላለን። ፎርሙን ወስነን የላክነው እኮ በ8 ዓመቱ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1950ዎቹ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካና የኢትዮ ሲሚንቶ ቡድኖች የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበሩ። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ሲጀመር ዋንጫውን የወሰደው መብራት ኃይል ነው። የኢትዮጵያ ኳስ የቆመው በሠራተኛ ቡድን ትከሻ ላይ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ጎሎቹን ያገቡት ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። በአንድ ከሰዓት 4 ጎል! እኛ በ15 ጨዋታ 5።

አቃቂም የሠራተኛ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ መለዋወጫው፣ ብረታ ብረቱ፣ ምግብ ፋብሪካው እዚሁ ነው። ቦታ ያልነበረን ሰዎች አይደለንም፤ ዙሪያችን የጤፍ ማሳ ነበር። ዛሬ መጋዘን ነው፣ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የኮንቴይነር ማቆሚያ ነው። ቤትም መጋዘንም ያስፈልጋል፣ አልቃወምም። ግን በሺህ የሚቆጠር አባወራ በሰፈረበት አንድ 105 በ68 ሜትር ባዶ ቦታ አይገኝም? በቅርብ ዓመታት በየወረዳው አነስተኛ ሜዳዎች ተሠርተዋል፤ ምስጋና ይገባል። ችግሩ ግን ያው ነው፤ ትንንሽ ናቸው። አንዳንዶቹ በሰዓት ስለሚከራዩ ማታ ደመወዝተኛው ይጫወትባቸዋል፣ ልጁ በሽቦው ቀዳዳ ያያል።

እኛስ ስለ ምን እንከራከራለን? ስለ አደይ አበባ ስታዲየም። ከ60 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ፣ በ2008 ግንባታው የተጀመረ። ላም አለኝ በሰማይ! ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ እንኳ «በሜዳችን» የተባለው ሜዳ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፤ የራሳችን ስታዲየሞች መስፈርቱን ስላላሟሉ። ስታዲየሙ ይለቅ፣ ደስ ይለናል። ግን ስታዲየም የሚችለውን ተጫዋች ያሳያል እንጂ መምታት አያስተምርም። የሚያስተምረው የሰፈር ሜዳ ነው።

አንድ ነገር ከሩቅ ልጨምር። አውስትራሊያውያን የራሳቸው የሆነ እግር ኳስ አላቸው። ኳሱ ሞላላ ነው፣ በእጅም ይያዛል። በሜዳው ጫፍ አራት ቋሚ እንጨቶች ይቆማሉ። በመካከለኞቹ ሁለቱ መሃል በእግሩ መትቶ ያሳለፈ 6 ነጥብ ያገኛል። ስቶ ከመካከለኛውና ከዳር ባለው እንጨት መሃል ያሳለፈ ደግሞ 1 ነጥብ ይሰጠዋል። አያችሁ፣ እዚያ «ለጥቂት» ነጥብ አለው! እንዲያም ሆኖ ደጋፊዎቻቸው በዚያች 1 ነጥብ አይጽናኑም። ማን በየትኛው እግሩ እንደሚመታ፣ ማን ከየትኛው ማዕዘን እንደሚስት እየነቀሱ ነው ቡድናቸውን የሚተቹት። እኛ «ለጥቂት» 0 በሆነበት ጨዋታ ላይ ሆነን በ«ለጥቂት» እናጨበጭባለን።

ስለዚህ ተንታኞች ሆይ፣ የቡካዮ ሳካን ኤክስጂ እስከ ነጥቡ የምታውቁ፣ ቤቲንግ ስትቆርጡ የኖርዌይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሳይቀር የምታጠኑ፣ ዕውቀታችሁን አልናቅሁም። ያንን ዓይን ወደ ሰፈር አምጡት ነው የምለው። ሦስት ነገር እንጀምር።

አንደኛ፣ መቁጠር። እሁድ ጠዋት ልጆች ሲጋጠሙ ሜዳ ሂዱ። ስንት ተመታ? ስንቱ ወደ ጎል ሄደ? በደካማ እግሩ የመታ አለ? ክሮስ ተነስቶ ለወገን የደረሰው ስንቱ ነው? በወረቀት ያዙት። ከአንድ ወር በኋላ «ፎርም» የምትለዋ ቃል ራሷ ታሳፍራችኋለች።

ሁለተኛ፣ ጎል ማቆም። አግዳሚ ያለው የብረት ጎል። በየመንደሩ በያጅ ሞልቶናል፣ ብረቱም እዚሁ ቃሊቲ ነው። ለአንድ የጨዋታ ምሽት ቢራና ቤቲንግ የምናዋጣውን ብናዋጣ ሁለት ጎል ይቆማል። አግዳሚ ያለበት ልጅ ወደ ላይ መምታት ይደፍራል፤ «ከላይ ነው» የሚል ጠብም ያበቃል።

ሦስተኛ፣ መጠየቅ። የወረዳ ስብሰባ ሲጠራ ስለ ውሃና መብራት እንደምንጠይቀው ስለ ሜዳም እንጠይቅ። «የስፖርት ማዘውተሪያ» የሚል ምላሽ ሲመጣ ስፋቱ ስንት ሜትር ነው፣ ልጆች በነፃ የሚገቡበት ሰዓት ስንት ነው ብለን እንያዝ። ባዶ ቦታ በቆርቆሮ ከታጠረ በኋላ መጮህ ዋጋ የለውም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

የሰፈር ታዳጊዎችን በነፃ የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ አክብሮቴ ትልቅ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ልምምዱን በአብዶና በሩጫ አትጨርሱት። ከየቀኑ ልምምድ ሃያ ደቂቃ ለምት ይሁን። በቀኝ፣ በግራ፣ ቆሞ፣ እየሮጡ። ውጤቱ በአንድ ዓመት አይታይም። ዛሬ 8 ዓመት የሆነው ልጅ 18 ሲሞላው ግን ይታያል።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ። ስድብም ይፈቀዳል። ግን ከስድቡ ጋር በሰፈራችሁ ሙሉ ስፋት ያለው ሜዳ የት እንዳለ፣ ልጆች በነፃ ይገቡበት እንደሆነም ጨምሩልኝ። ዝርዝሩን ሰብስቤ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።