ጭድ ሳይከምሩ በሬ

«ሽኮኮ ላክልኝ» አለኝ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነገሩን ሲዘረዝርልኝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጁ በስልክ ላይ ቺንቺላ የሚባል ጆሮ ሰፊ፣ ፀጉሩ ሐር የመሰለ ግራጫ እንስሳ አይታ «ካልገዛችሁልኝ» ብላ እንቅልፍ ነስታቸዋለች። አባት ከተማውን ሲያስስ ከርሞ ቺንቺላ አጣ። «አንተ የአዲ አርቃይ ልጅ አይደለህም እንዴ? የናንተን አገር ገደል ሽኮኮ ሞልቶታል፤ ለልጅ ያው ነው። እኔ ተዘጋጅቻለሁ፤ ሳጥኑን አናጢ ሠርቶልኛል፤ ስምም ወጥቶለታል» አለኝ።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከወዳጄ ጋር ብቻ አይደለም። «ያው ነው» ከሚለውና «ተዘጋጅቻለሁ» ከሚለው ቃል ጋር ነው።

ያው አይደለም። ቺንቺላ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ በብርድና በድንጋይ መካከል የሚኖር የአይጥ ዘመድ ነው። ሽኮኮ ግን ቢያስቅም የቅርብ ዘመዱ ዝሆን ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አለት መውደዳቸውና በመንጋ መኖራቸው ነው፤ ወዳጄ ያሠራው ሳጥን ደግሞ አለትም መንጋም የለውም።

ለመሆኑ ለቺንቺላ ተዘጋጀሁ የሚል ሰው ምን ምን ሊያሟላ ይገባል? ፀጉሩ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ከ25 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ያስጨንቀዋል፤ ከዚያ ብዙ ከበለጠ ይገድለዋል። ውሃ አይነካውም፤ የሚታጠበው በደቀቀ የእሳተ ገሞራ አቧራ ነው። ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ድርቆሽ ሲያኝክ መዋል አለበት፤ ብስኩትና ከረሜላ ሆዱን ያበላሹታል። ቀን ይተኛል፤ ሌሊት ይዘላል። ከሁሉም በላይ እስከ 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ 29 ዓመት ሲሞላት ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ማን ያጎርሰዋል? ሲታመምስ የትኛው ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ማቲያስ ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ አሥራ አንድ ቺንቺላዎችን ከቺሊ ወደ ካሊፎርኒያ ወስዷል። ዛሬ በሰው ቤት ያሉት አብዛኞቹ የነዚያ ዘር ናቸው። ሰውዬው ከተራራው በአንድ ጊዜ አላወረዳቸውም። ቆላውን እንዲለምዱ ብሎ ደረጃ በደረጃ፣ በወራት ነው ያወረዳቸው፤ በመርከብ ላይም በበረዶ ሲያቀዘቅዝላቸው ነበር። ቻፕማን የፈለገው ቆዳቸውን ነው። እንግዲህ ቆዳ የፈለገው ነጋዴ ይህን ያህል ሲጠነቀቅ፣ «እንወዳለን» የምንለው ሰዎች ሳጥንና ስም ይዘን ተዘጋጀን ማለታችን አያሳፍርም?

ይህን ለመማር ግን አንዲስ ድረስ መሄድ አያሻም። ሊማሊሞን ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ አዲ አርቃይ መድረስ ይበቃል። በኛ ዘንድ በሬ ሊገዛ ያሰበ ገበሬ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የጭድ ክምሩን ዞሮ ያያል። ክምሩ እስከ ክረምት የማያደርስ ከሆነ ብሩ ከመቀነቱ አይፈታም። በበጋ የት ያጠጣዋል? የትኛው ልጅ ይጠብቀዋል? ከማን በሬ ጋር ይጠመዳል? ይህን ሁሉ ጨርሶ ነው ገበያ የሚወርደው። ገበሬው ይህን የሚያደርገው በሬ ስለሚያርስለት ነው ትሉኝ ይሆናል። ለጥቅሙ ሲል ይህን ያህል ካሰበ፣ ለደስታችን ብለን የምናስረው እንስሳማ የበለጠ ሊታሰብለት በተገባ ነበር።

ይህን ስል ራሴን ነጻ አላወጣም። ልጅ ሳለሁ ከእኩዮቼ ጋር አድፍጠን አንድ የሽኮኮ ግልገል ያዝን። በእንቅብ ከድኜ ቤት ወሰድኩት፤ እግሩን በሲባጎ አሰርኩት፤ ወተት በጣሳ አቀረብኩለት፤ እንጀራ ፈተፈትኩለት። አልነካውም። እንዳያመልጠኝ ብዬ ያሰርኩት ጨለማ ጓዳ ውስጥ ነበር። ሽኮኮ የገላውን ሙቀት እንደኛ ጠብቆ መያዝ እንደማይችል፣ ጠዋት ጠዋት አለት ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ እየሞቀ፣ ሌሊት ከወገኖቹ ጋር ተዛዝሎ እንደሚኖር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ሞተ። እናቴ ሲባጎውን እየፈታች «ቤቱን ሳትጠይቀው ቤትህን ሰጠኸው» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተቆጣችም።

«አንድ ሽኮኮ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። በ1998 ዓ.ም. በጎዴ ሁለት የአቦሸማኔ ግልገሎች በአንድ ምግብ ቤት ባለቤት እጅ በገመድ ታስረው ተገኝተው ነበር፤ የአንደኛው ዓይን ጠፍቶ ነበር። በሆለታ አጠገብ ያለው እንስሳ ኮቴ የተሰኘው ማዕከልም በሰው እጅ የተጎሳቆሉ የዱር አራዊትን ሲቀበል ኖሯል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በአዋጅ የተከለከለው እንዲሁ በከንቱ አይደለም።

«ሰው መከራ ባየበት አገር ስለ እንስሳ ታወራለህ?» የሚለኝም አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰዷል። ከቤቱ መነቀልን ያየ ሕዝብ ሌላውን ፍጡር በዋዛ ከቤቱ አይነቅልም፤ እኔ የምለው ይህንኑ ነው።

የልጅቱን ነገር ግን አላቃልልም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እህት ወንድም የሌላት ልጅ እስትንፋስ ያለው ጓደኛ መፈለጓ ትክክል ነው። ጥፋቱ የኛ የአዋቂዎቹ ነው፤ ጓደኛ ስትጠይቀን ዕቃ እንገዛላታለን። ወዳጄ ሆይ፣ በሰፈርህ የወለደች ድመት አትጠፋም። ድመት ከሰው ጋር መኖርን የለመደችው በሺህ ዓመታት ነው፤ ከገደል የምትነቅላት ፍጡር አይደለችም። ግን ለእሷም ቢሆን አስቀድመህ ጭድህን ከምር፤ ማን እንደሚያበላት፣ ማን እንደሚያስከትባት፣ ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ ማን ዘንድ እንደምትቆይ ከልጅህ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ልጅህ ያን ሁሉ አሟልታ ከተገኘች ድመቷን አምጡ።

ሳጥኑን ለዶሮ አድርገው። ሽኮኮውን አልልክም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን ልጅህን ይዘሃት ና፤ ማለዳ ተነስተን ከአለቱ ፊት ለፊት ዝም ብለን እንቀመጣለን። ፀሐይ ሲነካው እነሱ አንድ በአንድ ይወጣሉ።