የሴት መሐንዲስ ፈጠራና የደራ ሱቅ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ደራን አቋርጦ ያልፋል። በዚሁ መንገድ ስንዴና ሲሚንቶ፣ ዘይትና ሳሙና ሲመላለስ ይውላል፤ በመንገዱ ዳር በሚገኙት ሱቆችም ለቤት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከሞላ ጎደል አይታጣም። ይሁን እንጂ ከደንበኞች እኩሌታ ለሚሆኑት ለሴቶች በየወሩ የሚያስፈልገው ዕቃ፣ ይኸውም በተለምዶ ሞዴስ የሚባለው፣ ከሻማና ከባትሪ ድንጋይ ኋላ ተሸሽጎ የሚቀመጥ ነው። ዋጋውም ለብዙዎቹ የባላገር ልጃገረዶች የሚደፈር አይደለም። ነጋዴው ይህን ነገር የጤና ጥበቃና የትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አድርጎ መተዉ፣ ስለ ሌላው ሁሉ ቀርቶ በራሱ ሒሳብ እንኳ ቢታይ ስሕተት ነው።

በኢትዮጵያ በዚህ ሥራ ስማቸው በቅድሚያ የሚጠራው ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናቸው። እኚህ ሴት በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት በሚገኘው በፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምሕንድስና ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ እየታጠበ ተመልሶ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠራ ባለመብትነት አገኙበት። እ.ኤ.አ. በ2009 በመቀሌ ከተማ፣ በልጃቸው ስም ማርያም ሰባ የተባለውን ፋብሪካ ሥራ አስጀመሩ፤ ከሠራተኞቹም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ሲ ኤን ኤን የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ጀግና ብሎ ሲሰይማቸው፣ ፋብሪካው በዓመት 750,000 ያህል መጠበቂያ ያመርት ነበር። አንዱ መጠበቂያ በሚገባ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

ለነጋዴ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባ ሌላ ቍጥር አለ። በዚያን ጊዜ ከምርቱ 80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚገዙት፣ በነፃ የሚያድሉ የዕርዳታ ድርጅቶች ነበሩ። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ዕርዳታው ባይኖር ኖሮ ብዙ ተማሪዎች ባዶ እጃቸውን በቀሩ ነበር። ነገር ግን ዕቃው በሱቅ መንገድ ካልሄደ፣ የዕርዳታው በጀት በተቋረጠ ጊዜ ዕቃውም አብሮ ይቋረጣል። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት የመቀሌ የንግድ መሥመር ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ፣ በአንድ ከተማና በጥቂት ገዢዎች ላይ የቆመ ንግድ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደ ሆነ ታይቷል። ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብም ቢሆን፣ በስዊድን ርዳታ ከተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ወጥቶ ለገበያ ሲቀርብ ዓላማው እናት ከሱቅ እንድትገዛው ነበር፤ በድርቅ ዘመን ግን ትልልቆቹ ትእዛዞች የመጡት ከርዳታ ሰጪዎች ነው።

እዚህ ላይ የባለሱቁን ክርክር በቅንነት ማድመጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን የምትገዛ ደንበኛ በሁለት ዓመት ውስጥ 24 ጊዜ ትመለሳለች፤ የሚታጠበውን የገዛችው ግን አንድ ጊዜ ከፍላ ትሄዳለች። ታዲያ ምን ትርፍ አለው ይላል። ክርክሩ ለአዳማ ወይም ለአዲስ አበባ ሱቅ ያስኬድ ይሆናል። በዶዶታ ገጠር ግን ገንዘብ በየወሩ አይገኝም፤ የሚገኘው ስንዴው ታጭዶና ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ነው። በየወሩ መክፈል የማትችለው ልጅ 24 ጊዜ የምትመለስ ደንበኛ አይደለችም፤ አንድም ጊዜ አትመጣም፤ በአሮጌ ጨርቅ ትቆያለች ወይም ከትምህርት ቤት ትቀራለች። አባትና እናት እህል ሸጠው ለልብስና ለጫማ በሚወጡበት ሰሞን አንድ ጊዜ የሚገዛ፣ ሁለት ዓመትም የሚያገለግል ዕቃ ቢቀርብላቸው፣ ባለሱቁ ከነጭራሹ ያልነበረውን ደንበኛ አገኘ ማለት ነው። ሳሙናውንም አብሮ ይሸጣል።

በሌላ በኩል ፈጠራው ውሃን ይፈልጋል። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ያሉት ደጋ ቀበሌዎች በዚህ አይቸገሩ ይሆናል፤ ዶዶታ ግን ደረቅ አገር ነው፣ ውሃም በጀሪካን ከሩቅ ይመጣል። በንጹሕ ውሃ ያልታጠበና በፀሐይ ያልደረቀ ጨርቅ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ስለዚህ ነጋዴው ሁለቱንም ዓይነት አቅርቦ ምርጫውን ለገዢዋ ቢተው ይሻላል፤ ጨርቁ በገሃድ በገመድ ላይ ተሰጥቶ መድረቅ እንዳለበትም ሳያፍር ይንገር።

ደግሞም ዕቃው የተማሪ ብቻ አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ አራስ ሴት ከማንም ይልቅ ንጹሕ መጠበቂያ ትሻለች። ጎረቤት አራስ ሲጠይቅ የገንፎ እህልና ቅቤ ይዞ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ከዚያው ጋር ሳሙናና መጠበቂያ በአንድ ተጠቅልሎ ቢሸጥ ገዢ የሚያጣ አይመስልም። በህንድ አገር ዙባይዳ ባይ የተባለችው መሐንዲስ ያቋቋመችው ድርጅት ለወላዶች ሳሙና፣ ንጹሕ ምላጭ፣ የእትብት መቆንጠጫና መንጠፊያ በአንድ ከረጢት አድርጎ ለገበያ ያቀረበው በዚሁ አሳብ ነው። ከከረጢቱ ውስጥ ደራ ላይ ለብቻው የማይገኝ ነገር ጥቂት ነው፤ የጎደለው አንድ ላይ የሚያደርገው ሰው ነው።

አስመጪዎችንም የሚመለከት ነገር አለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 በንጽሕና መጠበቂያ ላይ የነበረውን የገቢ ቀረጥ ዝቅ ማድረጉና ለአገር ውስጥ አምራቾች ጥሬ ዕቃ ማቃለያ መስጠቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ ተጭኖ መጥቶ በአንድ ቀን የሚጣል ዕቃ ለባለሱቁም ለገዢዋም እየከበደ ሄዷል። እየታጠበ የሚደገመው በአገር ውስጥ ከተሰፋ፣ አንዱ ጥቅል ጨርቅ የብዙ ካርቶን ምንዛሪ ያተርፋል።

የደራ ባለሱቆች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢያዙ የመጓጓዣው ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ከመኸር በፊት ተባብረው በአንድ ማዘዣ ቢያስመጡና ያልተሸጠውን ለመመለስ አስቀድመው ከአምራቹ ጋር ቢዋዋሉ፣ ኪሳራው ቀላል ነው። የቀረው የባንኮኒው ነገር ነው። ልጅቱ ሱቁ ሰው እስኪያልቅለት በር ላይ ቆማ፣ ወንድ ሻጭ ብቻውን መሆኑን አይታ ሳትገዛ የምትመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ተማሪ ከትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ሚስቱን ወይም እኅቱን በባንኮኒው የሚያስቀምጥ ባለሱቅ፣ ማስታወቂያ መለጠፍ አያስፈልገውም።