ሥራ ስለሚለቁ የምግብ ቤት ሠራተኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በአገር ቤት ሆቴልና ምግብ ቤት ለሚያስተዳድሩ የተከበሩ ወገኖች፣ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን።

የሠራተኛ ፍልሰት፣ ማለትም ሠራተኞች በአጭር ጊዜ እየለቀቁ በሌሎች መተካታቸው፣ በምግብ አገልግሎት ዘርፍ ከሌላው ይልቅ የሚጠና ችግር ሲሆን፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ በሆቴልና በምግብ ቤት ከተቀጠሩ 100 ሰዎች መካከል ከ5 በላይ የሚሆኑት በየወሩ በገዛ ፈቃዳቸው ይለቁ ነበር። ብዙ ባለቤቶች ይህን የታማኝነት ጉድለት ያደርጉታል፤ ይሁንና ሥሩ በአብዛኛው ያለው በአከፋፈሉ ውስጥ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚቀበል አስተናጋጅ አሠሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል የሚፈቅድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያልተነካው ይህ ክፍያ ከቲፑ ጋር ተደምሮ 7.25 ዶላር ካልሞላ ጉድለቱን አሠሪው ይሸፍናል። ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር ገቢው የሚያሽቆለቁልበት አስተናጋጅ ደንበኛ ወደበዛበት ቤት መሄዱ የሚጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተሻሻለው ሕግ አሠሪው ለሁሉም ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ እስከከፈለ ድረስ ቲፑ ለወጥ ቤት ሠራተኞችም እንዲከፋፈል ፈቅዷል፤ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ከዚያ እንዳይወስዱም ከልክሏል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ሳይወሰን በመቆየቱ ቲፕ የደመወዝ ምትክ የመሆን አደጋው የከፋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የ16 የሥራ ቀን ዕረፍት እንኳ ዓመት ሳይሞላት ለምትለቅ ሠራተኛ ትርጉሙ ያንሳል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የወጥ ቤቱ ጉዳይ ነው። አስተናጋጅ ሲለቅ መስተንግዶው ለጊዜው ይጓደላል፤ የሊጡን መቦካት በሽታው የምትለይ፣ አብሲቱን መቼ እንደምትጨምር የምታውቅ እንጀራ ጋጋሪ ስትለቅ ግን ደንበኛ የለመደው ጣዕም አብሯት ይሄዳል፤ ያም ሆኖ ከእንግዳ ዓይን ስለራቀች ቲፕ አይደርሳትም። በብዙ ሆቴሎች ሒሳብ ላይ የሚታከለው የአገልግሎት ክፍያ ለእርሷም በታወቀ ድርሻ ቢከፋፈል፣ የፈረቃው ሰሌዳ አስቀድሞ ቢነገር፣ አምሽተው ለሚወጡ ሴቶች የትራንስፖርት አገልግሎት ቢቀርብ፣ ወጪው በየጊዜው አዲስ ሰው ከመፈለግና ከማሠልጠን ወጪ ጋር ተነጻጽሮ ሊታይ ይገባዋል። የክፍፍሉ ደንብ በጽሑፍ ሆኖ ሠራተኞች በሚያዩት ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍና የመጀመሪያው ጭማሪ ከወጥ ቤቱ እንዲጀምር ወገኖች ይጠየቃሉ።