ለሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ቢሰጥ ምን ነውር አለው?

የዓለም አቀፉን የኮሌጆች ፕሮግራሚንግ ውድድር፣ የአይሲፒሲን፣ የመግቢያ ደንብ «ጎበዝ ተማሪን የሚገፋ» ብሎ የወቀሰውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የቡድኑ አባላት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ይሁኑ መባሉን፣ ሁለት ጊዜ ለዓለም ፍጻሜ የተሰለፈ ተማሪ አይመለስም መባሉን፣ ለሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር መሰጠቱን ይቃወማል።

ከመጨረሻው ልነሳ። አምስት ሰዓት፣ አንድ ኪቦርድ። አንዱ ኮድ ሲጽፍ ሌላው ቀጣዩን ጥያቄ ወረቀት ላይ ያሰላል፤ ሦስተኛው ታትሞ በወጣው ኮድ ላይ ስህተት ይለቅማል። በኋላ በተፈታ ጥያቄ ላይ ቀድሞ ውድቅ የሆነ እያንዳንዱ ሙከራ 20 ደቂቃ ያስቀጣል፤ የአንዱ ችኮላ ለሦስቱም ዕዳ ነው። ሦስት ኮምፒውተር ስጧቸውና ሦስት ብቸኞች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለብቻው መወዳደር ያማረው ኮድፎርስስ የሚባለው የኢንተርኔት የውድድር መድረክ አለለት!

የአንድ ዩኒቨርሲቲው ደንብ ቢነሳስ? ገንዘብ ያለው ሁሉ ኮከብ እየለቀመ ቡድን ይገዛ ነበር። የሁለት ጊዜው ገደብም ቢሆን ለተተኪ ወንበር ያስለቅቃል፤ ይህ እንኳ ክርክር የሚያስነሳ አይመስለኝም።

የሚገርመው፣ እውነተኛው እንቅፋት በጽሑፉ ውስጥ የለም። በእኛ አገር ወደ ቀጣዩ ዙር ያለፈ ቡድን ትኬት የሚሸፍንለት ፈልጎ፣ የቪዛ ቀጠሮ ጠብቆ ነው የሚሄደው። ጸሐፊው ቁጣውን እዚህ ላይ ቢያውለው ኖሮ አብሬው እፈርም ነበር።