የሽቶው እገዳ ተነሳ፤ ቁጥጥሩስ?

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች አንዱ ሽቶ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፦ ያለው ጥቂት ዶላር ለቅንጦት አይዋል።

ታዲያ ሽቶ ከገበያ ጠፋ? አልጠፋም። በመንገደኛ ሻንጣ ገባ። ለሠርግና ለምሽት ግብዣ የሚፈለገው፣ ፍራፍሬና አበባ የሚሸተው ጣፋጭ ሽቶ ያለ ደረሰኝ፣ በጥቁር ገበያ ዶላር ዋጋ ተሸጠ።

መንግሥት ቀረጡን አጣ፤ ገዢው ደግሞ መተማመኛውን። እንዲህ ያለው ሽቶ ሲረጭ ቀድሞ የሚሸተው ፍራፍሬው ነው፤ እሱ ቶሎ ይተናል። አበባው ይከተላል። እስከ ሌሊት የሚቆየው እንደ ቫኒላ ያለው ከባዱ መዓዛ ነው። ሱቅ ቆሞ የሚያሸት ሰው ግን የሚፈርደው በመጀመሪያው ብቻ ነው። አስመሳዩ ሽቶም የሚያታልለው እዚያው ላይ ነው።

እገዳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተነስቷል። የኮስሞቲክስ ቁጥጥርን የሚመለከተው አዋጅ 1112/2011ም አለ። ስለዚህ «ሽቶ ቅንጦት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ክርክር ይብቃ። ሰው ገላው ላይ የሚረጨውን ማን አስገባው? ውስጡስ ምን አለ? ባለሥልጣኑ መመለስ ያለበት ይህንን ነው።