የኮልፌ እንግዳና የኮልፌ ባለቤት

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ኮልፌ የሚወርድ ተማሪ ጥቂት ነው። የሚወርድም ቢኖር ዘመድ ሊጠይቅ ነው፤ አለዚያም ለቤቱ አጠና ሊገዛ። እኔ ባለፈው ወር የሄድሁት አንድ ክፍል ፍለጋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ትምህርት ሊማሩ ወደ ኮልፌ፣ ወደ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር መጡ። በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ እንደ ተረኩት፣ በዚያ ተኩስና ፈንጂ ተምረዋል፤ መሣሪያ ተሸክመው ረጅም መንገድ ተጉዘዋል። የጦር ትምህርቱን የሚያስተምሯቸው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር ሊቆዩ ታስቦ ሳለ ድርጅታቸው በድንገት ስለ ጠራቸው፣ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ተቀብለው ሄዱ። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. በአገራቸው ተያዙ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የ27 ዓመት እስር ዓለም ያውቀዋል። አስተማሪያቸው ታደሰ ብሩ በ1967 ዓ.ም. በደርግ መገደላቸውን ግን ከእኛ መካከል ስንቱ ያውቃል?

ከሰፈሩ አጥር ማዶ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት አገኘሁ። «እማማ፣ ማንዴላ የተማሩበትን ያውቁታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አሳምሬ ነዋ ልጄ!» አሉ። «መኪና ይመጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል። እኛ ዘንድ ግን ቆሞ አያውቅም።»

እኒህ እናት በሦስት ቃል የተናገሩትን የቱሪዝም ባለሙያዎች በብዙ ገጽ ይጽፉታል። ታሪክ በአጥር ውስጥ ነው፤ ባለታሪኩ ሰፈር ከአጥር ውጭ ነው። የሰፈሩ በር የፖሊስ ነው፤ የቅርስ ሕግ የቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ እንግዳ መጋበዝ የከተማው የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ነው፤ ጎዳናው የክፍለ ከተማው ነው። እያንዳንዱ በየፊናው ትክክል ነው። እነዚህን ሁሉ ከቡና አፍይዋ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ካላስቀመጥን ግን ለኮልፌ የሚተርፈው የመኪናው አቧራ ብቻ ነው።

«የፖሊስ ሰፈር የሕዝብ መናፈሻ አይደለም» የሚል ወንድም እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ እኔም በሩ ወለል ብሎ ይከፈት አላልሁም። የታወቀ ቀን ይኑር፤ ጎብኚ አስቀድሞ ይመዝገብ፤ መሪውም የኮልፌ ልጅ ይሁን። በደቡብ አፍሪካ የሮቢን ደሴት እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ቤተ መዘክር ሲሆን፣ እንግዳውን እየመሩ የሚያስጎበኙት በዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ሆኑ። ጎብኚው የሚከፍለው ግንብ ለማየት ብቻ አልነበረም።

ለአብነት ያህል ባሕር ማዶ መሻገርም አያስፈልገንም። በመንዝ የጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት ለ400 ዓመት ያህል ተጠብቆ ኖሯል። አስቦና ጌራ የተባሉት ሁለት ወገኖች አባ ቄራ ይመርጡ ነበር፤ አባ ቄራውም ሣሩ ለዓመታት እንዲዘጋ፣ በኋላም በተቆረጠ ቀን ለአጨዳ እንዲከፈት ያዝዝ ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በዚያ ያሉት ሳይንቲስት ስለ ደረሰላቸው ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ጣራውን የሚከድንበት ሣር እንዳያልቅበት ስለ ተማከረ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው። ኋላ ሕዝቡ በሌላ መልክ፣ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መለሰው፤ ዛሬ የማኅበረሰቡ የሆነ የእንግዳ ማረፊያም አለበት። ይሁንና ቄሮን እንደ ገነት አድርጌ አላቀርብም። መብቱ የሁለቱ ወገን ዘሮች ብቻ ነበር፤ ከዘሩ ውጭ የሆነው ጎረቤት ሣሩን ከሩቅ ያይ ነበር። ስለዚህ «ኮሚቴ ይቋቋም» ማለት አይበቃም፤ ማን ይቀመጥበታል የሚለው ይቀድማል።

ይህ ጥያቄ በወንጪም አለ። በጅማ መንገድ ወጥቶ በወሊሶ በኩል ወደ ሐይቁ የሚሄድ ሰው የዚያን አገር ፈረሰኞችና ጀልባ ቀዛፊዎች ያገኛል፤ በማኅበር ተደራጅተው እንግዳ ሲያስተናግዱ የኖሩ ናቸው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ የመረጣት የትልቁ ፕሮጀክት ማረፊያ ከመመረቁ በፊት ነበር። መንገድና ማረፊያ መምጣቱ መልካም ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ብቻ ዋጋ ሲቆረጥና ገቢ ሲከፈል ፈረሰኛው ወንበር አለው ወይ?

ወደ ኮልፌ ልመለስ። ክፍል አይቶ በግማሽ ሰዓት የሚመለስ እንግዳ ለሰፈሩ ሳንቲም አይጥልም። ዘነበ ወርቅ ግን ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በሥጋ ደዌ ተጎድተው የነበሩ ሴቶች የሚጠልፉት ጥልፍ ለዘመናት በባዕዳን ዘንድ እንኳ የተወደደ ነው። እንግዳው ክፍሉን አይቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ጥልፍ ገዝቶ ቢመለስ አንድ ቀን ይሞላዋል። አንድ ጓደኛዬ ቆሼንም እናሳይ አለኝ። አይሆንም! መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሻሻው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ያለቁበት ቦታ ነው። እዚያ ምን ይታይ፣ ምን አይታይ የሚለውን የሟቾቹ ቤተ ሰቦች ይወስኑ፤ እኔና ጓደኛዬ አይደለንም።

እኛ ተማሪዎች በዚህ ሁሉ ውስጥ ወንበር አንለምንም። ሥራ ግን አለን። ማንዴላን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ካሉ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል፤ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች መቅረጫ ይዘው ሊቀድሙ የሚገባቸው ሞትን ነው። የሕግ ተማሪዎች ደግሞ ፖሊሱም ክፍለ ከተማውም ነዋሪውም የሚፈርሙበትን ደንብ ይንደፉ፤ የገቢው ድርሻ በቁጥር ይጻፍበት፤ የነዋሪው ተወካይም በነዋሪው ይመረጥ እንጂ አይሾም። ረቂቁ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚነበበው በመሥሪያ ቤት አይሁን። እማማ ዘንድ፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ጊዜ አለን።