የሯጮች አገር፣ የተቀማጮች ከተማ

ለውጭ ሰው አገራችንን ስናስተዋውቅ ከቡናው ቀጥሎ የምንጠራው ሯጮቻችንን ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ማሸነፉን፣ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ማጥለቋን እየተቀባበልን እናወራለን። ወሬው ሲያልቅ ታክሲ እንጠራለን። የምንሄድበት ቦታ እኮ ሁለት ፌርማታ አይሞላም!

አንድ ወዳጅ አለኝ። ስኳሩ ከፍ ሲልበት ሐኪሙ "በእግርህ ሂድ" አለው። እሱም ቃሉን አክብሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ እንጦጦ ይወጣል፤ ግማሽ ሰዓት ይራመድና ሲወርድ ክትፎ ቤት ጎራ ይላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ከቤቱ አንድ ኪሎ ሜትር ወደማይርቀው መሥሪያ ቤቱ የሚሄደው በመኪና ነው። ለምን ብለው፣ "በዚህ ዕድሜዬ በእግሬ ስሄድ ያየኝ ሁሉ መኪናውን ሸጠ ነው የሚለኝ" አለኝ።

እውነቱን ነው። በእኛ ዘንድ በእግር መሄድ የድህነት ምስክር ወረቀት ነው፤ ቦርጭ ደግሞ የድሎት። የወፈረውን "አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል" እንለዋለን። ለፍቶ ክብደት የቀነሰውን "ምነው፣ አሞህ ነበር እንዴ?" ብለን እናስደነግጠዋለን። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የቀረብኝ ልማድ ቢኖር ቃል ማድመጥ ነው። ውፍረትን የሚያመሰግን፣ ክሳትን የሚያስታምም ኅብረተሰብ ደም ግፊትንና ስኳርን በገዛ አፉ ግቡ እያለ ነው። ለታክሲ የሚከፍለው አጥቶ ከኮተቤ መገናኛ በእግሩ የሚመላለሰውን ሠራተኛ ግን ስፖርተኛ የሚለው የለም። ስፖርት የምንለው ቱታ ተገዝቶለት፣ ጂም ተከፍሎለት፣ ፎቶ ሲነሳ ብቻ ነው።

"መሄጃ መንገድ የት አለና?" የሚል ይኖራል። ክፍት ቦይ፣ የአሸዋ ክምርና የቆመ መኪና በሞላው የሰፈር ውስጥ መንገድ ላይ ይህን የሚል ሰው ልክ ነው፤ ከተማዋን የሚያስተዳድሩትም ሊጠየቁበት ይገባል። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድ በሰፋባቸው ዋና ዋና ጎዳናዎች ላይስ ምን ይሆን ምክንያታችን?

ሌላው ጉዳችን ደግሞ ዓመት ሙሉ ተቀምጠን መክረማችን ሳያንስ በአንድ ቀን ኃይሌ ለመሆን መሞከራችን ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ቲሸርቱን አጥልቆ ሳይለማመድ የሚገባ ሰው ለሳምንት ጉልበቱን ይዞ ያቃስታል፤ "ሩጫ ለኔ አይሆንም" ብሎም ይፈርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በትንሹ የሚመክረው በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። በ5 ቀን ቢካፈል በቀን 30 ደቂቃ። ልኩም ቀላል ነው፦ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር እያወራህ መሄድ ከቻልክ፣ መዝፈን ግን ካቃተህ፣ በቂ ነው። ከዚያ በየመሐሉ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ ጨምር።

አልዋሽም፤ እርምጃው ብቻውን ቦርጭ አያጠፋም። የግማሽ ሰዓቱን ልፋት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሊመልሰው ይችላል፤ ገበታውም አብሮ መቀነስ አለበት። ሚዛኑ ባይንቀሳቀስ እንኳ ስኳሩና ግፊቱ ከእርምጃው ይጠቀማሉ። ወዳጄ ከሐኪሙ የተላከው ለዚህ ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶች። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ይጠብቅ። እኛ ምን እንጠብቃለን?